ከበሩ እስከ ታቦቱ፦ የመገናኛው ድንኳን ለሚጸልይ ሰው

ኦሪት ዘጸአትን በጉጉት የጀመረ አንባቢ የኤርትራን ባሕርና የሲናን ተራራ አልፎ ምዕራፍ 25 ሲደርስ ይደክመዋል። ክንድ፣ ሳንቃ፣ ቀለበት፣ መጋረጃ ይደራረቡበታል። ከመጽሐፉ 40 ምዕራፎች 13ቱ የሚናገሩት ስለ መገናኛው ድንኳን አሠራር ነውና ብዙዎች ዘለውት ያልፋሉ። ለጸሎት ሕይወቱ የሚገደው ሰው ግን ባይዘለው ይሻላል፤ ሰው እግዚአብሔር ፊት የሚቀርብበት ቅደም ተከተል እዚያ በእንጨት፣ በናስና በበፍታ ተሠርቶ ይገኛል።

አደባባዩ ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50 ክንድ ነበር፤ በዛሬው ልክ 45 በ22 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ዙሪያው በ5 ክንድ ከፍታ በበፍታ የታጠረ ስለሆነ ውጭ የቆመ ሰው ውስጡን ማየት አይችልም። በሩ በምሥራቅ በኩል አንድ ብቻ ነው፤ ስፋቱ ግን 20 ክንድ ነው። ክርስቲያኖች ይህን በር በዮሐንስ ወንጌል ራሱን በር ብሎ ከጠራው ከክርስቶስ ጋር ያያይዙታል።

የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሳቱ እንዳይጠፋ የታዘዘለትን የመሥዋዕት መሠዊያ ነው። ከልመና በፊት የኃጢአት ነገር ይቀድማል። ቀጥሎ የመታጠቢያው ሰን አለ፤ ከዕቃዎቹ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ እሱ ነው። ኦሪት ለመሠዊያው፣ ለገበታውና ለታቦቱ ልክ ሲሰጥ ለሰኑ ምንም ልክ አልሰጠውም። የተሠራው በድንኳኑ ደጃፍ ያገለግሉ ከነበሩ ሴቶች የናስ መስተዋት ነው። ሴቶቹ የራሳቸውን መልክ የሚያዩበትን ዕቃ ሰጡ፤ ካህናቱም እጅና እግራቸውን የሚታጠቡበት ሆነ። ሳይታጠቡ ቢገቡ ቅጣቱ ሞት ነበር። ሐዋርያው ያዕቆብ ቃሉን ሰምቶ የማይሠራውን ሰው መልኩን በመስተዋት አይቶ ወዲያው በሚረሳ ሰው መስሎታል። ጸሎታችንን በጥድፊያ በልመና ስንጀምር የምንዘለው ሰኑን ነው፤ ራስን ማየትም መታጠብም ይቀርብናል።

ወደ ድንኳኑ የመጀመሪያ ክፍል፣ ወደ ቅድስቱ፣ ስንገባ በሰሜን 12ቱ ኅብስት ያሉበት ገበታ፣ በደቡብ ከአንድ መክሊት ንጹሕ ወርቅ ተቀጥቅጦ የተሠራው መቅረዝ ይታያል። ለክፍሉ መስኮት አልተነገረለትም፤ ብርሃኑ ከሰባቱ መብራቶች ነው። በመጋረጃው ፊት ደግሞ የዕጣኑ መሠዊያ ቆሟል፤ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ፣ ቁመቱ ሁለት። አሮን ዕጣን የሚያጥነው ጠዋት መብራቶቹን ሲያዘጋጅና ማታ ሲያበራቸው ነው። የዕጣንና የመብራት ሥራ በአንድ ሰዓት መግጠሙ ለጸሎት ትልቅ ትምህርት ነው። ትላንት የነደደው ክር በመኰስተሪያ ካልተስተካከለ መብራቱ ይጨሳል። ትናንት ስለጸለየ ዛሬን የተወ ሰው ብርሃኑ ቶሎ ይደክምበታል። በስርየት ቀን ደግሞ ለማጠኛው ፍሙ የሚወሰደው በእግዚአብሔር ፊት ካለው የመሥዋዕት መሠዊያ ነው፤ ጸሎት የሚሞቀው በመሥዋዕቱ እሳት ነው ማለት ነው።

ከመጋረጃው በስተኋላ ታቦቱ አለ። ሊቀ ካህናቱ ወደዚያ የሚገባው በዓመት አንድ ቀን፣ በዚያው በስርየት ቀን፣ ደም ይዞ ነበር፤ ወንጌል ክርስቶስ ሲሞት የቤተ መቅደሱ መጋረጃ እንደተቀደደ ይነግረናል፣ የዕብራውያን መልእክትም መንገዱ ተከፈተ ብሎ ያበሥራል። ይህ ከአደባባዩ ጋር ሦስት ክፍል ያለው ሥርዓት ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ብለን በየደብሩ የምናውቀው ነው።

የግል ጸሎት ሲባል ግን ብቸኝነት እንዳይመስለን። አሮን ወደ ቅድስቱ ሲገባ በደረቱ ኪስ ላይ በ12 ዕንቁዎች የተቀረጹ የነገዶቹን ስሞች ይዞ ነው። እናንተም ነገ ጠዋት ለጸሎት ስትቆሙ የተጣላችሁትን ሰው ስም ጨምራችሁ ይዛችሁ ግቡ፤ ከዚያ በፊት ግን ዘጸአት ምዕራፍ 30ን ሳትቸኩሉ አንብቡ።