የቆመ መኪና ዕረፍት ላይ ነውን?

አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በቆቦ ከተማ በሚገኘው ግቢያቸው፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የያዟት አንዲት ቮልስዋገን አለቻቸው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ መኪናዋ እዚያው እንደቆመች ቀረች። ከዚያም ነዳጅ ጠፋ፤ መንገድም ተዘጋ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ፣ እኔም በየካቲት ለጥየቃ እስክሄድ ድረስ 19 ወራት ያህል አልተነሣችም። ስደርስ አጎቴ አዲስ ቤንዚን አስገዝተው፣ ባትሪ ከጎረቤት ተውሰው፣ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ጠበቁኝ። «በደኅና ነው ያስቀመጥኳት፤ ቆማ ምን ትሆናለች?» አሉኝ።

ውድ አንባብያን፣ ጥያቄያቸው የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው። የማይንቀሳቀስ ነገር የማይለወጥ ይመስለናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቆመ መኪና ከቶ ዕረፍት ላይ አለመሆኑን፣ በተለይም እንደ ራያ ባለ ሞቃት ቆላ ለውጡ እጅግ ፈጣን መሆኑን ማሳየት ነው።

ብርድና ሙቀት

በጀርመን አገር ለትምህርት በቆየሁባቸው ዓመታት፣ የጥንት መኪና ያላቸው ሰዎች ክረምቱ ሲገባ መኪናቸውን ጋራዥ ውስጥ ዘግተው በጸደይ ሲያወጡ አይ ነበር። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በዓመቱ ውስጥ ለተወሰኑ ወራት ብቻ የሚያገለግል የሰሌዳ ዐይነት ተፈቅዶላቸዋል። የሚሰጡት ምክር ሁሉ በብርድ ላይ ያተኮረ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ባትሪ ከኀይሉ ግማሹን እንኳ መስጠት ይሳነዋል፤ ዘይት ይወፍራል፤ ቤንዚንም መትነን ይሳነዋል። በዚያ አገር አስቸጋሪው ሰዓት ሞተሩ የሚነሣበት ጧት ነው።

ይሁን እንጂ ብርድ አንድ ውለታ አለው፤ ኬሚካዊ ለውጥን ያዘገያል። ስዊድናዊው ሳይንቲስት ስቫንቴ አረኒየስ በ1889 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት ከሙቀት መጠን ጋር በብርቱ ይጨምራል። እንደ ሻካራ ግምት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር ፍጥነቱ በእጥፍ ያድጋል እንላለን። እንግዲህ በ5 ዲግሪ የቆመች መኪናንና በ35 ዲግሪ የቆመች መኪናን እናወዳድር። ልዩነቱ 30 ዲግሪ ስለሆነ ፍጥነቱ ሁለት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ ማለትም 8 እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት የስድስት ወር የአውሮፓ ክረምት ከሦስት ሳምንት ገደማ የቆርቆሮ ሥር ሙቀት ጋር ይመጣጠናል። የቆቦ ሌሊት ከቀኑ ስለሚቀዘቅዝ ቁጥሩ በተግባር ያንሳል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። በቀዝቃዛው አገር ችግሩ ማስነሣቱ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ችግሩ መቆሙ ራሱ ነው።

በዝምታ የሚሠሩት ሦስቱ

የመጀመሪያው ባትሪው ነው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ምንም ሳይሠራ በራሱ ውስጣዊ ለውጥ ኀይሉን ያጣል። ሙሉ የሆነ የ12 ቮልት ባትሪ ሥራ ሳይኖረው ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12 ቮልት ካሳየ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ባዶ ሆኖ ሲቆይ በሰሌዳዎቹ ላይ የሚጋገረው የእርሳስ ሰልፌት ስለሚጠነክር ዳግመኛ ቢሞላም አያገግምም። የአጎቴ ባትሪ 4 ቮልት እንኳ አላሳየም።

ሁለተኛው ቤንዚኑ ነው። ቤንዚን አንድ ወጥ ፈሳሽ ሳይሆን የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። ቶሎ የሚተንኑት ቀላሎቹ ሞተር ሲነሣ እሳት የሚይዙት ናቸው፤ ቀድመው የሚጠፉትም እነርሱ ናቸው። የዚህች መኪና የነዳጅ ታንክ 40 ሊትር ይይዛል። ግማሹ አየር ቢሆንና ሙቀቱ ከ20 ወደ 35 ዲግሪ ቢወጣ፣ በጋዝ ሕግ መሠረት አየሩ 5 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ይኸውም 1 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ ታንኩ በየቀኑ እንፋሎት ያዘለ አየር ያስወጣል፤ በየሌሊቱም እርጥበት ያለው አየር ወደ ውስጥ ይስባል። የቀረው ቤንዚን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይሆንና የካርቡሬተሩን ጠባብ ቀዳዳዎች ይደፍናል። የእኛው እንደ ቫርኒሽ ይሸት ነበር።

ሦስተኛው ዘይቱ ነው። ቀስ በቀስ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ስለሚወርድ ብረትና ብረት ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ዝገትም ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ሞተር በድንገት ማዞር የፒስተኑን ቀለበቶች ሊሰብር ይችላል።

ከቁልፉ በፊት

አጎቴን ቁልፉን እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። ቅር ቢላቸውም ሰጡኝ። በቅድሚያ ቤንዚን የሚያስተላልፈውን የጎማ ቱቦ አጠፍ አድርገን ስናየው እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰነጠቀ። በቮልስዋገን ሞተሩ ከኋላ፣ ታንኩ ከፊት በመሆኑ ፓምፑ ቤንዚኑን እየሳበ በዚሁ ቱቦ ወደ ካርቡሬተሩ ያደርሳል። አጎቴ አስቀድመው ቁልፉን አዙረው ቢሆን ኖሮ ቤንዚኑ በሞተሩ ላይ በፈሰሰ ነበር፤ የቀረው አንዲት ብልጭታ ብቻ ነበረች። አዲስ ቱቦ ከወልድያ እስኪመጣ ድረስ ሥራው አንድ ቀን ቆመ።

ይህች መኪና የምትቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። የአየር ማስገቢያውን ስንከፍት አይጦች በማሽላ ገለባ ጎጆ ሠርተውበት አገኘን፤ ጠረግነው። አሮጌውን ቤንዚን አስወገድን፤ ካርቡሬተሩን አጠብን፤ ዘይቱን ቀየርን። አራቱን ካንዴላዎች ፈትተን በየሲሊንደሩ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨመርንና አሳደርነው። በማግስቱ ሞተሩን በመፍቻ፣ በእጅ፣ በዝግታ አዞርነው። የቦቢናውን ገመድ ነቅለን፣ ነዳጁንም ሳንገጥም፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ በአጭር በአጭሩ አሽከረከርነው። ፑንቲናውን ከዝገት ካጸዳን፣ ካንዴላዎቹንና አዲሱን ቱቦ ከገጠምን በኋላ ቁልፉን ለአጎቴ መለስኩላቸው።

በሦስተኛው ሙከራ ተነሣች። አጎቴ ግን አልነዷትም፤ «የፍሬኑስ?» ብለው ጠየቁኝ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚመጥ እርሱም መቀየር ነበረበት። ሮቢት ድረስ ደርሰው የተመለሱት በሦስተኛው ቀን ነው።

ነገሩ ለአሮጌ መኪና ብቻ የሚሆን አይደለም። ወቅታቸውን ጠብቀው የሚሠሩ የመስኖ ፓምፖችና ጄኔሬተሮችም ቆመው ሲከርሙ ባትሪያቸው ይደክማል፤ ጎማቸው ይደርቃል፤ ዘይታቸው ይወርዳል። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሞተር ካለ፣ ሳይነሣ የሚቆይ ከሆነ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፤ ባትሪውን በጥላ ሥር አኑሩና በየወሩ ቮልቱን ለኩ። ለዚህ የሚያስፈልገው በትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ የሚገኘው ቮልት ሜትር ነው። አጎቴ ዛሬ አንዱን በመኪናዋ ውስጥ አኑረው፣ የሚለኩትን ቁጥር ከነቀኑ በደብተር ይመዘግባሉ።