የሳምንቱ ስብሰባ ወሬ



የሮታሪ ክለቦች ለአባሎቻቸው የሚያትሙትን የሳምንት ስብሰባ ወሬ አግኝቶ የሚያነብ እንግዳ ነገሩ ተራ ይመስለዋል። ማን ተገኘ፣ ማን ቀረ፣ የዕለቱ ተናጋሪ ስለ ምን አስረዳ፣ ስንት ገንዘብ ተዋጣ፣ የሚመጣው ሳምንት ተረኛ ማን ነው፤ ከዚህ የሚያልፍ ብዙ የለውም። እኛም ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የምንልከው ወሬ አንዳንድ ጊዜ ከዚህ አይሻልምና ለመፍረድ አንቸኩልም።

ሮታሪ የተጀመረው በቺካጎ ከተማ በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1905 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ ከአንድ የከሰል ነጋዴ፣ ከአንድ የማዕድን መሐንዲስና ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ተሰበሰበ። ስብሰባው በየተራ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ይዞር ስለ ነበር ስሙ ከዚሁ ወጣ። አሳባቸው በመጀመሪያ መተዋወቅና በንግድ መረዳዳት ነበር። ወደ ሕዝብ አገልግሎት ሲያዘነብሉ ከቀደምት ሥራዎቻቸው አንዱ በከተማው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ መወትወት ነበር።

ስም መጥራቱ እንዲሁ ልማድ ብቻ አልነበረም። ከስብሰባ የቀረ አባል ወደ ሌላ ክለብ ሄዶ በመገኘት ያካክስ ነበር። በ2016 ደንቡ ላልቶ ክለቦች በወር ሁለት ጊዜ ብቻ መሰብሰብ እንዲችሉ ተፈቀደ። ደግሞም መሸሸግ የማይገባው ነገር አለ፤ ሴቶች በመላው ዓለም በአባልነት እንዲገቡ የተወሰነው በ1989 ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር የሴቶችን ጉልበትና እውቀት ሰማንያ ዓመት ያህል ከደጅ ማቆሙ ኪሳራው የራሱ ነበር።

ከእነዚህ ስብሰባዎች ከወጡት ሥራዎች ትልቁ በልጅነት ልምሻ ላይ የተደረገው ዘመቻ ነው። በ1979 በፊሊፒንስ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሕፃናትን ለመከተብ ስምምነት ተደረገ፤ በ1985 ዘመቻው ዓለም አቀፍ ሆነ። በ1988 የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎችም በተባበሩበት ጊዜ በሽታው በዓመት 350,000 ያህል ሕፃናትን ሽባ ያደርግ እንደ ነበር ይገመታል። ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጅ በላይ ቀንሷል። በሲያትል የሚኖሩት ኢትዮጵያዊ ተወላጅ ዕዝራ ተሾመ የክለብ ባልደረቦቻቸውን እየመሩ በኢትዮጵያ የክትባት ቀናት ላይ ቤት ለቤት ሲዞሩ ቈይተዋል።

የክትባቱ አሠራር ራሱ የሳምንቱን ወሬ ይመስላል። ሠራተኞች በረዶ ያለበት ሣጥን በትከሻቸው አንግተው ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ክትባቱ ሙቀት አይችልምና። ለሕፃኑ ሁለት ጠብታ በአፉ ይሰጣሉ፤ ጣቱን በቀለም ምልክት ያደርጉበታል፤ በበሩ ላይ ደግሞ በጠመኔ ይጽፋሉ። ልጁ ገበያ ሄዶ ወይም ከብት ሊጠብቅ ወጥቶ ከሆነ በመዝገቡ ላይ «አልተገኘም» ብለው ያሰፍሩና በኋላ ይመለሱበታል። መመለሱ ከቀረ ድካሙ ሁሉ ቀዳዳ ይኖረዋል።

በኢትዮጵያ በዱር ቫይረሱ የተያዘ የመጨረሻው ሕፃን የተመዘገበው በጃንዋሪ 2014 ነው፤ የአፍሪካ አህጉርም በኦገስት 2020 ከዚሁ ቫይረስ ነጻ መሆኑ ተረጋገጠ። ነገር ግን ብዙ ልጆች ሳይከተቡ በቀሩበት ስፍራ፣ በአፍ ከሚሰጠው ክትባት የመጣው ቫይረስ ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ ሊለወጥና እንደ ገና ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ይህም ዓይነት ከ2019 ወዲህ በአገራችን ታይቷል።

እንግዲህ በገጠር የምትሠሩ ወገኖች የወር ሪፖርታችሁን ስትልኩ የተከተቡትን ቍጥር ብቻ አትጻፉልን። ያልተገኙት ልጆች ስንት እንደ ሆኑ፣ በየትኛው መንደር እንደ ቀሩ፣ ማን መቼ እንደሚመለስባቸውም ጨምሩበት።