ልጅቱን የመለሳት ሰልፍ

ከተማሪዎቼ አንዲቱ የወር አበባዋ ሕመም ቢጠናባት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። ነገር ግን ከመዝገብ ቤቱ ፊት ከተሰለፉት መካከል የእናቷን የጽዋ ማኅበር ባልንጀራ ባየች ጊዜ ካርድ ሳታወጣ ተመለሰች፤ ሕመሟንም ሦስት ወር ደበቀች። ይህን የነገረችኝ እናቷ ናት።

ሐኪምም መድኃኒትም ሳይጠፋ ልጅቱን የመለሳት ሰልፉ ነው። እንግዲህ ለወጣቶች የሚሆን የሕክምና ክፍል ሲታሰብ ከመሣሪያው በፊት በሩ ይታሰብ፤ ይኸውም መግቢያው ለብቻው፥ ሰዓቱ ከትምህርት በኋላ፥ ነርሷም ምሥጢር ጠባቂ እንድትሆን ነው። በሰው ፊት «አግብተሻል ወይ?» ተብላ የተጠየቀች ልጅ ሁለተኛ አትመጣም። የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር እስከ ትምህርት ቤት ድረስ መሄዱ መልካም ነበር።

አንዳንድ ወላጆች «ይህ ልጆቻችንን ያባልጋል» ይላሉ። እኔም አባት ነኝና ስጋታቸውን አልንቅም። ሆኖም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርገውም፥ ከዚያ በፊት የሚዳሩ አሉ፤ ሰውነቷ ሳይጠና ያረገዘች ልጅ ምጧ ቢረዝምና ረዳት ብታጣ ፌስቱላ ሊያገኛት ይችላል። እርስዋ ማንን ትጠይቅ?

ተማሪዬ አሁን ሕክምናዋን ትከታተላለች፤ እናቷም ከበሩ ውጭ ተቀምጣ ትጠብቃታለች።