አየሩ በገጠር የሚገድለው ዘግይቶ ነው

ስለ አየር ጠባይና ስለ ሞት ሲነሳ አዘውትሮ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2015 በላንሴት መጽሔት የወጣው ጥናት ነው። በ13 አገሮች የተመዘገበ 74 ሚሊዮን ያህል ሞት ተመርምሮ፣ 7.7 በመቶው ከሙቀትና ከቅዝቃዜ ጋር እንደሚያያዝ፣ ከዚያም ውስጥ እጅግ አብዛኛው የቅዝቃዜ ድርሻ እንደሆነ ተገልጿል። ከ13ቱ ግን አንድም የአፍሪካ አገር የለም። ስሌቱም የአንዱን ቀን ሙቀት የሚከታተለው እስከ 21 ቀን ብቻ ነው። ይህ ልቡ የደከመ አረጋዊ በሙቀት ማዕበል ለሚያልፍበት ከተማ ይበቃል። በልግ የቀረበት ገበሬ ቤት ግን ሞት የሚገባው ጎተራው ከተራቆተ፣ ልጆቹ ከከሱና ተቅማጥ ወይም ወባ ከያዛቸው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ 21ኛው ቀን ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል።

የዘገየውን ሞት የሚያሳየው የረጅም ጊዜ መዝገብ ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ማትላብ እ.ኤ.አ. ከ1966፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ቡታጅራ ከ1987 ጀምሮ ልደትና ሞት ቤት ለቤት ይመዘገባል። በገጠር አብዛኛው ሰው የሚሞተው ሐኪም ሳያየው ስለሆነ፣ መዝጋቢው ቤተሰቡን ይጠይቃል፦ ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን ቆየ? ያስቀምጠው ነበር? ከመልሱ የሞቱ ምክንያት ይገመታል። ግምት ነው፤ ከባዶ ገጽ ግን ይሻላል። በቡታጅራ እ.ኤ.አ. በ1998 እና 1999 አየሩ በተዛባበት ወቅት፣ በዓመት ከሺህ ሰው 10 ያህል የነበረው ሞት ከ24 በላይ ደርሷል። ወባ፣ ተቅማጥና የምግብ እጥረት ተደራርበው ነበር። መዝገቡ ባይኖር ይህን ያህል ሞት በአገር ደረጃ ሳይታወቅ ባለፈ ነበር።

«የገደለው ድህነት እንጂ አየሩ አይደለም» የሚል ክርክር አለ። ግማሹ እውነት ነው፤ ንጹህ ውሃና ቅርብ ጤና ጣቢያ ያለው ሰው ያንኑ ክረምት ይሻገራል። ነገር ግን ድሃው በደህናውም ዓመት ድሃ ነበር፤ ሞቱ በዚያ ወቅት ለምን ከእጥፍ በላይ እንደጨመረ ድህነት ብቻውን አያስረዳም። ሌሎች ደግሞ ቅዝቃዜ ከሙቀት ይልቅ የሚገድል ከሆነ ለደገኛው የአየር መሞቅ በጎ ነው ይላሉ። ይህ ትንኝዋን መርሳት ነው። አደገኛው የወባ ተሕዋስ ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ከሚሆነው ወለል በታች ሲወርድ በትንኝዋ ሆድ ውስጥ እድገቱን አይጨርስም፤ ደጋውን የጠበቀው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ከተለመደው የበዛ ዝናብና የጨመረ ሙቀት ሲገጣጠሙ በአገራችን የወባ ወረርሽኝ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል፤ የደገኛው ሰውነት ወባን አልለመደማ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናትም በደብረ ዘይት አካባቢ ሞቃት በሆኑ ዓመታት የወባ ሕሙማን ከወትሮው ከፍ ባሉ ቀበሌዎች እንደሚገኙ አረጋግጧል።