ገማች፣ ቀላድና ርስት፦ የ1960ው የእርሻ ገቢ ግብር በቢቸናና በሞጣ

የመንግሥት ፖሊሲ ሲባል አንድ መንግሥት አንድን ጉዳይ እንደ ችግር ቆጥሮ፣ መፍትሔ ይሆናል ያለውን መርጦ፣ በሕግና በበጀት ደግፎ ለማስፈጸም የሚከተለው አቅጣጫ ማለት ነው። ችግሩ የሚሰየመው በአንድ ቦታ፣ መፍትሔው ክርክር የሚነሣበት በሌላ ቦታ፣ ውሳኔው ከሰው ኑሮ ጋር የሚገናኘው ደግሞ ከሁለቱም ርቆ በገበሬው ማሳ ላይ ሊሆን ይችላል፤ በነዚህ ሦስት ቦታዎች ያሉ ሰዎች ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩ መስለው ስለተለያየ ነገር የሚነጋገሩ ከሆነ ምን እንደሚከተል ለማየት በኅዳር 1960 ዓ.ም. ከወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 የተሻለ የኢትዮጵያ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የዚህ አዋጅ ዕጣ የተወሰነው በዋናነት በጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያም ውስጥ በተለይ በቢቸናና በሞጣ አውራጃዎች ነው።

በአዲስ አበባ ችግሩ የገንዘብ ችግር ተብሎ ነበር የተሰየመው። የአገሪቱ ሀብት በአብዛኛው ከእርሻ የሚገኝ ሆኖ ሳለ ከእርሻ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት የሚገባው ግብር እጅግ አነስተኛ ነበር፤ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ሕግ መሬትን ለም፣ ለም-ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት መድቦ በጋሻ የተቆረጠ ክፍያ ከመጣሉም በላይ፣ ቀድሞ ከምርቱ አንድ አሥረኛ የነበረውን አሥራትም ወደ ቋሚ የገንዘብ መጠን ስለለወጠው፣ ምርቱ ቢያድግም ዋጋው ቢንርም ግብሩ ከቦታው አይነቃነቅም ነበር። አዲሱ አዋጅ አሥራትን ሽሮ በምትኩ እያንዳንዱ ሰው ከእርሻ በሚያገኘው ዓመታዊ ገቢ ላይ፣ ገቢው ከፍ ባለ ቁጥር ከፍ የሚል ግብር ጣለ። ሐሳቡ በራሱ ፍትሐዊ ነበር፤ ብዙ ጋሻ መሬት ይዞ ከጭሰኛ እኩሌታ ወይም ሲሶ የሚቀበል ባለርስት እንደ ገቢው እንዲከፍል ማድረግ ቀድሞም መደረግ የነበረበት ነገር ነው። በፓርላማው ውስጥ የመሬት ባለጥቅሞች ስለነበሩ ረቂቁ ብዙ ካከራከረና ከተሻሻለ በኋላ ነው የጸደቀው፤ ይህን ሂደት የተከታተለው አሜሪካዊው ፒተር ሽዋብ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ውሳኔ እንዴት እንደሚወስን ለማሳየት ይህንኑ አዋጅ መርጧል።

ቢቸናና ሞጣ ላይ ግን ጥያቄው የገንዘብ ሳይሆን የርስት ጥያቄ ሆነ። ርስት በጎጃም የአንድ ሰው የግል ንብረት አይደለም፤ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ዋና አባት የሚወለዱ ሁሉ፣ በወንድም በሴትም በኩል ቢቆጠር፣ ድርሻ የሚጠይቁበት የትውልድ መብት ነው። በዚህ ሥርዓት አንድ ገበሬ በአባቱም በእናቱም በኩል ከብዙ ዋና አባቶች ሊወለድ ስለሚችል፣ በተለያየ ቦታ ድርሻ አለኝ ማለት ይችላል፤ የሚያርሰውም መሬት ስፋቱ የሚታወቀው በገመድ ሳይሆን በክርክር፣ በሽማግሌ ምስክርነትና በዕጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መግቢያ በጎጃሙ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናው ተመራማሪ አለን ሆበን እንዳሳየው፣ የርስት ትርጉሙ ከእህሉ ያልፋል፤ ርስት ያለው ሰው የዚያ አገር ልጅ፣ ርስት የሌለው ደግሞ መጤ ነው። መሬቱ ቢለካ፣ ቢመዘገብና በአንድ ሰው ስም ቢጻፍ፣ ገና ድርሻውን ያልጠየቀ የሩቅ ዘመድ ሁሉ ከመብቱ ይነቀላል።

በዚህ ላይ የቀላድ ፍርሃት ነበረ። ቀላድ መሬት የሚለካበት ገመድ ሲሆን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በደቡብ አገሮች መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ሲደለደል (አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው)፣ የአገሬው ሰው በአያቶቹ መሬት ላይ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱን ጎጃም ያውቅ ነበር። ስለዚህ ቀላድ የሚለው ስም ራሱ የመነቀል ምልክት ሆነ። አዋጁ የሚናገረው ስለ ገቢ እንጂ ስለ ይዞታ አይደለም ቢባልም፣ ገቢን ለመገመት ማሳውን ማየት፣ ማሳውን ለማየት ስፋቱን ማወቅ ግድ ስለሚል፣ ዛሬ ለግብር የመጣ ገማች ነገ ቀላድ ይዞ ይመለሳል የሚለው የባላገሩ ስሌት ከንቱ ሥጋት አልነበረም። በ1937ቱ ሕግ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ በጋሻ ምደባው ውስጥ ሳይገቡ በቀድሞው ልማድ እንዲገብሩ የተተዉት፣ ጎጃምም በ1930ዎቹ አጋማሽና እንደገና በ1942 እና በ1943 ዓ.ም. የግብር ለውጥን በመቃወም የተነሣው በዚሁ ምክንያት ነበር። ይህ ሁሉ በመዝገብ የተያዘ ነገር ሆኖ ሳለ አዲሱን አዋጅ ያረቀቁት ሰዎች አልመከሩበትም።

ትግበራ፣ ማለትም በወረቀት ላይ ያለን ውሳኔ ወደ ሥራ የመለወጡ እርምጃ፣ በጎጃም በገማቾች እጅ ወደቀ። ገማች ማለት በየአጥቢያው እየዞረ የእያንዳንዱን ገበሬ ምርትና ገቢ እየገመተ ግብሩን የሚያስቆርጥ ሰው ነው፤ ሥራው የሚቃናው ግምቱ ትክክል ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ሰው ስለሚያምነው ነው። ጠቅላይ ግዛቱን ከ1950ዎቹ መግቢያ ጀምሮ ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐይ እንቁሥላሴ ደግሞ ከሸዋ የመጡ፣ በአስተዳደራቸውም ብዙ ቅሬታ የተከማቸባቸው ሰው ስለነበሩ፣ ገማቾቹ በባላገሩ ዓይን የእርሳቸው ወገን ሆነው ታዩ። የቢቸናና የሞጣ ገበሬዎች ገማች አናስገባም ብለው በየአጥቢያቸው ተሰበሰቡ፤ ተወካዮች መርጠው ወደ አዲስ አበባ ላኩ፤ አቤቱታቸውም በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ሳይሆን በገዢውና በግብሩ ላይ ነበር። አቤት የሚል ሕዝብ ገና ለመነጋገር ፈቃደኛ ነውና፣ መንግሥት ችግሩን እንደገና ለመሰየም የነበረው ዕድል ይህ ነበር። ዕድሉ አለፈ። በ1960 ክረምት ጦር ተላከ፤ አየር ኃይልም ተሰማርቶ የገበሬ መንደሮች ከሰማይ ተደበደቡ። ለግብር ተብሎ በራስ ዜጋ ላይ ቦምብ መጣል በየትኛውም የመንግሥት ሥራ መለኪያ የሚሟገቱለት ነገር አይደለም።

ውጤቱ የመንግሥት ማፈግፈግ ሆነ። ደጃዝማች ፀሐይ ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ ለዓመታት የተከማቸው የግብር ውዝፍ ተሰረዘ፤ አዲሱ ግብርም በጎጃም ተግባራዊ ሳይሆን ቀረ። ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት የገበሬ አመጾች ጥናታቸው የጎጃሙን ከትግራይና ከባሌ አመጾች ጋር አነጻጽረው መርምረውታል። ከጎጃም አመጽ አምስት ዓመት በኋላ ጄፍሪ ፕሬስማንና አሮን ዊልዳቭስኪ በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከተማ የታቀደ የሥራ ፈጠራ ፕሮግራም ለምን እንደከሸፈ ሲያጠኑ፣ አንድ ውሳኔ ብዙ እጆችን አልፎ ለመፈጸም ሲሞክር በየደረጃው እንደሚሸረሸር አሳይተው ነበር፤ መጽሐፋቸውም በዓለም ዙሪያ በፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ይነበባል። የጎጃሙ ጉዳይ ግን ከዚያ ጠልቆ ይሄዳል፤ እዚህ የተበላሸው በመንገድ ላይ ብቻ ሳይሆን ከመነሻው፣ ችግሩ ሲሰየም ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ርስትም ጭሰኝነትም በሕግ ቀሩ፤ ቀላዱ ያመጣው ፍርሃት ግን አልቀረም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ አንዳንድ ገበሬዎች «ቢሮክራሲ» እና «ቅሪት ፊውዳል» የሚል ስም ተሰጥቷቸው መሬታቸው ሲቀነስ፣ የጎጃም ገበሬዎች እንደ 1960ው ሁሉ አቤቱታ ይዘው አዲስ አበባ ገብተዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን፣ በ1995 ዓ.ም. አካባቢ፣ በዚያው ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ ሲጀመር፣ መሬት መለካት ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ያህል ሳያስበረግግ ሄደ። በመጀመሪያው ዙር ምዝገባ የሚለካው አሁንም በገመድ ነበር፤ ልዩነቱ ያለው በቀረው ሁሉ ላይ ነው። የቀበሌው ሰው ራሱ የመረጠው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ በማሳው ላይ ይገኛል፤ በአራቱም ማዕዘን የሚያዋስኑ ጎረቤቶች ቆመው ድንበሩን ይመሰክራሉ፤ ክርክር ከተነሣ በሽማግሌ ይታያል፤ በመጨረሻም ባለይዞታው ደብተር ይቀበላል፣ ባልና ሚስት ከሆኑም የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ በደብተሩ ላይ ይሰፍራል። መለካቱ ግብር መጨመሪያ ተብሎ ሳይሆን መሬትህ እንዳይወሰድብህ ማስረጃ ተብሎ ስለቀረበ፣ ቀድሞ ገማች ያባረረው አገር ለደብተሩ ተሰለፈ።

ይህ ማለት ምዝገባው እንከን የለውም ማለት አይደለም፤ ደብተር ያለው ገበሬም በከተማ መስፋፋት ምክንያት ሊነሣ ይችላል፣ መሬት ያልደረሰው ወጣትም ብዙ ነው። የ1960ው አዋጅ አርቃቂዎች የፈለጉት ገቢም ለትምህርት ቤትና ለመንገድ የሚያስፈልግ እውነተኛ ገቢ ነበር። የወደቁት ግብር በመጠየቃቸው አይደለም፤ የቢቸናና የሞጣ ሰው ግብሩን በምን ስም እንደሚጠራው አስቀድመው ባለመጠየቃቸው ነው። ዛሬ በባሕር ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ የመሬት ወይም የግብር ሕግ የሚያረቅ ባለሙያ፣ ከውጭ አገር ተሞክሮ አስቀድሞ የ1960ውን የጎጃም መዝገብ ሊያነብ ይገባል።