በመሬት ውስጥ ብርቅ፣ በግድግዳ ላይ ተራ፦ ክሮኮይት የተባለው የእርሳስ ማዕድን

እንደሚታወቀው በአማርኛችን እርሳስ የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው ተማሪ የሚጽፍበት ሲሆን ሁለተኛው ከባዱ፣ ለስላሳውና ግራጫው ብረት ነው። መጻፊያው እርሳስ ውስጥ ግን ቅንጣት እርሳስ የለም፤ ጥቁሩ መሐሉ ግራፋይት የተባለ የካርቦን ዓይነት ከሸክላ አፈር ጋር ተቀላቅሎ የተሠራ ነው። ታዲያ ነገ ክፍል ስንገባ አንድ ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፣ እውነተኛው እርሳስ የት አለ?» ቢለን ምን እንመልሳለን? አንዱ መልስ ምናልባት እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በቢጫው ቀለም ላይ ሊሆን ይችላል። ነገሩን ለመረዳት ክሮኮይት ከተባለው ብርቅ ማዕድን እንነሣለን።

ማዕድን ስንል

አንድ ነገር ማዕድን ለመባል በተፈጥሮ የተገኘ፣ ጠጣር፣ የታወቀ ኬሚካዊ ቅንብር ያለውና አቶሞቹ በሥርዓት የተደረደሩ መሆን ይገባዋል። እስቲ ከሐዋሳ በስተሰሜን በቆርቤቲ አካባቢ የሚገኘውን ጥቁር ባልጩት እንውሰድ። ስለቱ ምላጭ የሚያስንቅ ነው፤ ሆኖም ቅልጥ አለት በድንገት ቀዝቅዞ አቶሞቹ ሳይደረደሩ የቀሩበት የተፈጥሮ መስታወት ስለሆነ አለት እንጂ ማዕድን አይባልም። ክሮኮይት ግን አራቱንም መመዘኛ ያሟላል።

አመዳደቡ

ማዕድናት የሚመደቡት በውስጣቸው ባለው ብረት ብቻ ሳይሆን በይበልጥ ብረቱ በተጣመረው ወገን ነው። በመሆኑም የእርሳስ ማዕድናት ሁሉ በአንድ ምድብ አይገኙም።

ሀ/ ከድኝ ጋር ሲጣመር ሰልፋይድ ይሆናል። ጋሌና የዚህ ምድብ ነው። ከክብደቱ ከመቶ 86 እጅ በላይ እርሳስ በመሆኑ የዓለም ዋነኛ የእርሳስ ምንጭ እሱ ነው።

ለ/ በካርቦኔት ምድብ ሴረሳይት ይገኛል።

ሐ/ በፎስፌት ምድብ ፓይሮሞርፋይት ይገኛል።

መ/ በሰልፌት ምድብ አንግልሳይት ይገኛል።

ሠ/ በክሮሜት ምድብ ደግሞ ክሮኮይት ይገኛል። በክሮሜት ውስጥ አንዱን የክሮሚየም አቶም አራት የኦክስጅን አቶሞች ይከቡታል፤ በሰልፌትም ድኙ እንዲሁ በአራት ኦክስጅን ይከበባል። በዚህ የአሠራር መመሳሰል ምክንያት ሊቃውንቱ ክሮሜቶችን ከሰልፌቶች ጋር በአንድ ታላቅ ክፍል ያስቀምጧቸዋል።

ጠባያቱ

የክሮኮይት ቅንብር አንድ የእርሳስ፣ አንድ የክሮሚየምና አራት የኦክስጅን አቶሞች ነው። በክብደት ሲሰላ ከመቶ 64 እጅ ያህሉ እርሳስ፣ 16 እጅ ያህሉ ክሮሚየም፣ ቀሪው ኦክስጅን ነው። መልኩ ብርቱካንማ ቀይ ሲሆን ሸካራ ሸክላ ላይ ሲጫር የሚተወው ዱቄት ወደ ቢጫ ያደላ ብርቱካንማ ነው። ጥንካሬው በሞስ መለኪያ ከ2.5 እስከ 3 ስለሆነ በቢላዋ ያለ ችግር ይጫራል። ክብደቱ ግን ያስገርማል፤ አንድ ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ሲመዝን በይዘት እኩል የሆነ ክሮኮይት 6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ክሪስታሎቹ ረዘም ቀጠን ያሉ እንጨቶች ይመስላሉ፤ ሞኖክሊኒክ ከተባለው ሥርዓት ናቸው፤ ይኸውም ሦስቱ ዘንጎች በርዝመት የተለያዩ፣ ከማዕዘኖቹም ሁለቱ ቀጥተኛ፣ አንዱ ዘመም ያለ ነው ማለት ነው።

ለምን ብርቅ ሆነ? ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሌና ለመሬት ገጽ ሲቀርብ አየርና ውኃ ያሟሙትና እርሳሱን ይለቀዋል። ክሮሚየም ግን የሚገኘው በሌላ ዓይነት ጥቁር አለት ውስጥ ነው። ሁለቱ አለቶች ጎረቤት ሆነው ካልተገናኙ ክሮኮይት አይፈጠርም፤ እንዲህ ያለው ጉርብትና ደግሞ ጥቂት ነው። መጀመሪያ የታወቀው በ18ኛው ምዕተ ዓመት በሩሲያ ኡራል ተራሮች፣ በቤሬዞቭስኪ የወርቅ ማዕድን ሥፍራ ነበር። እጅግ ያማሩት ክሪስታሎች የሚወጡት ግን በአውስትራሊያ ታዝማኒያ፣ ደንዳስ ከተባለው ቦታ ነው። ስሙም የመጣው ሳፍሮን የተባለውን ቅመም ከሚጠራው የግሪክ ቃል ነው።

ከማዕድን ወደ ቀለም ቆርቆሮ

እ.ኤ.አ. በ1797 ቮክላን የተባለው የፈረንሳይ ኬሚስት ይህንን ማዕድን ሲመረምር አዲስ ንጥረ ነገር አገኘ። ውሁዶቹ ባለ ብዙ ቀለም ስለሆኑም በግሪክኛ «ቀለም» ከሚለው ቃል ክሮሚየም ተባለ። ከዚያ ወዲህ ኬሚስቶች ብርቁን ድንጋይ መፈለግ ትተው ያንኑ የእርሳስ ክሮሜት በፋብሪካ መሥራት ጀመሩ፤ ክሮም ቢጫ የሚባለው ቀለም ይኸው ነው። ሠዓሊው ቫን ጎግ ተጠቅሞበታል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1939 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ በተደረገ ስብሰባ ለተማሪዎች አውቶቡስ ቢጫ ሲመረጥ የቀለሙ ስም ራሱ «ክሮም» የሚል ነበረበት። ዛሬ ያ ቀለም ያለ እርሳስ ይሠራል።

በአገራችንም የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከደንቡ በፊት የተቀባ ወንበር፣ በርና መስኮት ግን አሁንም አለ። ቢጫ ሁሉ እርሳስ ያለበት አይደለም፤ ነጩም ነፃ ነው ማለት አይቻልም። በዓይን አይለይም፤ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው።

ለሙያችን ምን ይለናል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አልታወቀም። ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ ወደ ደማቸው የሚገባው ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይደርሳል፤ ብረትና ካልሲየም የጎደለው ምግብ የሚበሉትማ ይብስባቸዋል። የሚጎዳው አእምሯቸው ነው። ትኩረት ያጣውን፣ ትምህርት የማይገባውን ልጅ «ሰነፍ» ብለን ከመፍረዳችን በፊት ይህንንም ማሰብ አለብን። ስለሆነም፦

1ኛ/ ለታችኛው ክፍል የምንሠራውን የመቁጠሪያ እንጨትና የፊደል ገበታ በማናውቀው የተራረፈ የዘይት ቀለም አንቀባ። ሕፃን ያገኘውን ወደ አፉ ይወስዳል። የእንጨቱ የራሱ መልክ ይበቃል።

2ኛ/ አሮጌ የተቀባ ወንበር በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አንፈግፍግ። የግድ ከሆነ አርሰን፣ ልጆች በሌሉበት እንሥራ።

3ኛ/ ቀለሙ የተላጠበትን ክፍል በደረቅ መጥረጊያ ከማቦነን በእርጥብ ጨርቅ እንወልውል፤ ልጆችም ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

4ኛ/ በልዩ ልዩ አገሮች ለገበያ የሚቀርብ ኩል ሲመረመር ጋሌና ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። ሕፃናትን ኩል የሚኩሉ ወላጆች ሲያጋጥሙን በአክብሮት እናስረዳቸው።

5ኛ/ ስለ ማዕድናት ስናስተምር የእርሳስ ማዕድን በልጆች እጅ አናዙር። ለመዳሰስ ባልጩቱ አለልን፤ እሱም ቢሆን ስለቱ እንዳይቆርጣቸው እየጠበቅን።