የእማዬ ፈትል ሹራብ ሲሆን

ባለፈው የለጠፍኩትን የሕፃን ቆብ አይታችሁ «ክሩን ከየት ገዛሽው?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። አልገዛሁትም፤ እማዬ የፈተለችው ነው። ለሹራብ እስኪበቃ ድረስ ግን ብዙ አስተምሮኛል፤ ዛሬ ረጋ ብዬ ልጻፍላችሁ።

ሹራብ መሥራት የጀመርኩት እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ ከዩቲዩብ እያየሁ ነው። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የማውቀው የመጀመሪያውን ረድፍ መርፌ ላይ ማስገባትና የፊቱን አሠራር ብቻ ነበር። ግልባጩን ገና አልደረስኩበትም። የገዛኋት የፋብሪካ ክርም አለቀች። ለአንድ አዋቂ ሹራብ ከ400 እስከ 600 ግራም ክር ይፈልጋል፤ ያን መግዛት አልቻልኩም። ለትንሽ ልጅ ቆብ ግን 50 ግራም ያህል ይበቃል። ስለዚህ ቆብ ላይ ልቆይ አልኩ፤ ክሩንም ከቤት ፈለግሁ።

«የበግ አገር ሆነን ሱፍ አጣን?» የሚል አይጠፋም። የእኛ በግ ዋሸራ ነው፤ በሥጋው የተመሰገነ ቢሆንም ጠጉሩ አጭር ስለሆነ አይፈተልም። ባና የሚሠራበት ባለ ረጅም ጠጉሩ የመንዝ በግ ነው። እኛ ቤት ያለው ጥጥ ነው፤ እማዬ ለጋቢ ብላ የፈተለችው ማግ። ሹራብ ያለ ሱፍ አይሆንም ለሚሉ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራቸው፦ በዓለም ላይ ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ ሹራቦች መካከል ግብፅ ውስጥ የተገኙ ነጭና ሰማያዊ ካልሲዎች አሉ፤ ዕድሜያቸው ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይገመታል፤ የተሠሩትም ከጥጥ ነው።

ከማጉ የሠራሁት የመጀመሪያው ቆብ ግን ተጣመመ። ረድፎቹ ቀጥ ብለው መውጣት ሲገባቸው ሁሉም ወደ አንድ ጎን አዘነበሉ። ስህተቱ የእጄ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ተርትሬ እንደገና ሠራሁት፤ ያው ነው። ሦስተኛውን ስጀምር እማዬ አየችኝና ክሩን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይኼ እኮ ነጠላ ክር ነው፤ ሸማኔ እጅ ሲገባ ተወጥሮ ስለሚያዝ አርፎ ይቀመጣል። አንቺ ግን ለቀቅሽው፤ ሲለቁት ወደመጣበት ይዞራል» አለችኝ።

ነገሩ ይኸው ነበር። እንዝርት ላይ ክሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ይከራል። ጋቢ ውስጥ ድሩ ወጥሮ ይይዘዋል፤ ሹራብ ግን በላላ ቀለበት የተሠራ ስለሆነ ክሩ ራሱን ሊፈታ ሲታገል ጨርቁን ያጣምመዋል። መፍትሔው ሁለት ክር አንድ ላይ ይዞ በተቃራኒው መግመድ ነው። እማዬ ሁለት ልቃቂት ሁለት ጣሳ ውስጥ አስቀመጠች (እንዳይንከባለሉ)፣ ጫፎቻቸውን አንድ ላይ እንዝርቱ ላይ አሰረችና ከፈተለችበት በተቃራኒ አሾረችው። አንዱ ክረት ሌላውን ይዞ ያቆመዋል። በቅቶት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ክንድ ያህል መዛችሁ ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ መሐሉን አንጠልጥሉት፤ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ በቅቶታል፤ በራሱ ላይ ከተጠማዘዘ ገና ሚዛን አላገኘም። ከዚያ በሙቅ ውኃ አጥባችሁ፣ ከሥሩ ክብደት አንጠልጥላችሁ አድርቁት። ለዚህ ግማሽ ውኃ የያዘ ሃይላንድ ይበቃል።

መርፌውን በተመለከተ፣ የሳይክል ራጂ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው ለቀጭን ክርና ለካልሲ ይሆናል፤ አራት ወይም አምስት ራጂ ካላችሁ ክብ አድርጋችሁ ያለ ስፌት መሥራት ትችላላችሁ። ጫፉን በሞረድ አለስልሱት፣ እጅ ይወጋል። ለወፈረው ክር ግን የምወደው ቀርከሃ ነው። ቡሬ ያለችው አክስቴ ከተሰበረ የቀርከሃ ወንበር ሁለት ስንጣሪ ሰጠችኝ፤ በቢላ ጠረብኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ በመጨረሻም ሻማ ቀባሁት። ክር አይነክስም፤ በብርድ ጊዜም እንደ ብረት አይቀዘቅዝም።

ጥጥ እንደ ሱፍ አይሳብም፣ ተስቦም ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ ሳትጀምሩ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 የሆነች መሞከሪያ ሥሩ፤ እኔ ይህችን ስዘል ሁልጊዜ ከስሬያለሁ። በ10 ሴንቲ ሜትር 18 ቀለበት ከቆጠራችሁና የልጁ ራስ 48 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ቆቡን በ44 አስቡት፤ ወደ 80 ቀለበት ይመጣል። 80 ለአራት ስለሚካፈል ጠርዙን ሁለት የፊት፣ ሁለት ግልባጭ እያደረጋችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ግልባጭ ማለት የፊቱን ከኋላ ሆኖ እንደመሥራት ነው፤ ክሩን ወደ ፊት አምጥታችሁ መርፌውን ከቀኝ ወደ ግራ ትከታላችሁ። ቀለበት ካመለጣችሁ አትተርትሩ፤ በኪሮሽ ከታች ጀምራችሁ አንድ በአንድ እያነሣችሁ አምጡት።

እንዝርት የሚይዝ ሰው ቤታችሁ ከሌለ ልባሽ ተራ ሂዱ። ያረጀ ሹራብ ስትመርጡ ገልብጣችሁ የጎኑን ስፌት እዩ። ጠርዙ ተቆርጦ በማሽን የተለቀመ ከሆነ ተዉት፤ ሲተረተር ቁርጥራጭ ክር ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። ጠርዙ ሳይቆረጥ በራሱ ያለቀ ከሆነ ግን ስፌቱን ፍቱና ከአንገቱ ጀምራችሁ ተርትሩ። ከክሩ ትንሽ ቆርጣችሁ በእሳት ሞክሩት፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጠጉር፤ ቀልጦ ጠንካራ ጉብ የሚል ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው። ምድጃ አጠገብ ለሚውል ልጅ በሰው ሠራሹ ክር ባትሠሩ እመርጣለሁ፤ እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

የተጣመመውን ቆብ አልጣልኩትም፤ እማዬ እንቅብ ላይ ሰክታ የልቃቂት ማስቀመጫ አድርጋዋለች። ደህናው ሰከላ ያለው የወንድሜ ልጅ ራስ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ የእናንተ ተራ ነው። እናቶቻችሁ ሁለት ክር አንድ ላይ መግመድን በሠፈራችሁ ምን እንደሚሉት ጠይቃችሁ ጻፉልኝ። እኔም ሰብስቤ እዚህ አስቀምጠዋለሁ።